ከሩጫ ሜዳ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል፤ ስለ አንዳንድ የስፖርት ቃላት ጉዞ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሥራ ውል ለአስተያየት ቀረበልን። ውሉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ኋላም ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ቀጣሪው ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የሶፍትዌር ድርጅት፣ ተቀጣሪው ደግሞ በፕሮግራም ጸሐፊነት የተሰማራ ወጣት ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ፣ ሠራተኛው ተግባሩን የሚያከናውነው ሁለት ሁለት ሳምንት በሚፈጁ «ስፕሪንቶች» መሆኑን ይገልጻል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘው ፍቺ «አጭር ርቀትን በሙሉ ኃይል መሮጥ» የሚል ነበር። «ሩጫ» ብሎ በውል ውስጥ መጻፉ ለንባብ የሚያስቅ ስለ መሰለው፣ ሐሳቡን ለማቃናት ሲል «በየሁለት ሳምንቱ የሚካሄድ አስቸኳይ ሥራ» ብሎ ተረጐመው።

ተርጓሚው በቅን ልቡና እንደ ሠራ አንጠራጠርም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ከወሰነ በኋላ፣ ሠራተኛ ከዚያ በላይ እንዲሠራ ሊደረግ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል አስቸኳይ ሥራን ይቈጥራል። እንግዲህ በትርጉሙ መሠረት ይህ ወጣት ዓመቱን በሙሉ፣ ያለ አንዳች ክፍተት፣ በአስቸኳይ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ድርጅቱም ይህንኑ ዐረፍተ ነገር እያመለከተ ምሽት ምሽቱን ያሠራው ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። እኛ ግን ከሩጫ ሜዳ የተነሣ አንድ ቃል እንዴት ሆኖ የሰው ምሽት እስከ መውሰድ እንደ ደረሰ ለማወቅ መነሻውን መከተል ግድ ሆነብን። በሚከተለው ሐተታ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የጉዞው መነሻ ሩጫ ሳይሆን ራግቢ ነው። ራግቢ ስሙን ያገኘው ጨዋታው ካደገበት የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያ ትምህርት ቤት የጨዋታው ሕግ በጽሑፍ የሰፈረው በ1845 ነበር። በዚህ ጨዋታ አንድ ቀላል ጥፋት ሲፈጸም፣ ለምሳሌ ተጫዋች ኳሱን ከእጁ አምልጦት ወደ ፊት ሲጥለው፣ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል። ከዚያም ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰዎች አንገት ላንገት ተያይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ይገፋፋሉ። ኳሱ በመካከላቸው ይገባል፤ በእግራቸው ስበው ወደ ኋላ ያወጡታል። ይህ የዐሥራ ስድስት ሰዎች ግፊያ «ስክረም» ይባላል። ቃሉ «ስክረሜጅ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ «ስክረሜጅ»ም ቀላል ግጭትን፣ ተኩስ መለዋወጥን ከሚያመለክት የጦር ሜዳ ቃል ጋር በዘር ይገናኛል። ስለዚህ ስክረም ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ተሰዶ ነበር፤ ይኸውም ከጦርነት ወደ ጨዋታ።

ሁለተኛውን ስደት ያስጀመሩት ሁለት የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። ሂሮታካ ታኬውቺና ኢኩጂሮ ኖናካ በ1986 መጀመሪያ በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ፣ እንደ ካኖን፣ ሆንዳና ፉጂ ዜሮክስ ያሉ ኩባንያዎች አዳዲስ ዕቃ የሚፈጥሩበትን መንገድ መረመሩ። የቀድሞውን አሠራር ከዱላ ቅብብል ሩጫ ጋር አመሳሰሉት፤ ንድፍ አውጪው ጨርሶ ለመሐንዲሱ፣ መሐንዲሱ ጨርሶ ለፋብሪካው ያስረክባል። አዲሱን ደግሞ በራግቢ መሰሉት፤ መላው ቡድን አንድ ላይ እየገሠገሠ ኳሱን ወዲያና ወዲህ ይቀባበላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደራስያኑ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አለመጻፋቸው ነው። ነገራቸው ስለ ፎቶ ኮፒ መሣሪያ፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ መኪና ነበር።

ጄፍ ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ በ1993 ኢዝል ኮርፖሬሽን በተባለ ድርጅት ውስጥ ይህን ሐሳብ ለፕሮግራም ሥራ አዋለው። በ1995 እርሱና ኬን ሽዌበር በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ በተደረገ የሙያ ጉባኤ ላይ አሠራሩን «ስክረም» ብለው አስተዋወቁት። በየካቲት ወር 2001 ደግሞ ዐሥራ ሰባት የሙያው ሰዎች በዩታ፣ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ተሰብስበው «አጃይል» የሚባለውን አቋም አወጡ። «አጃይል» ማለት ቀልጣፋ ማለት ነው፤ የሰውነት ጠባይ መግለጫ ነው። የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ተመርጦ የተሰየመ መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሙያው ውስጥ ያለው የስፖርት መንፈስ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በሜዳው ላይ ስክረም የሚመጣው ጥፋት ተፈጽሞ ጨዋታ ሲቆም ነው፤ ጨዋታን እንደ ገና ማስጀመሪያ ነው። በፕሮግራም ሥራ ግን ስክረም የዘወትሩ አሠራር ስም ሆነ። የራግቢ አዋቂ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ራግቢን እምብዛም ስለማያውቀው ፈገግታውም ግርታውም አይደርሰውም። ለእርሱ «ስክረም» ባዶ ድምፅ ነው። በዚህ ረገድ ከተለያዩ ሰዎች የሰማናቸው የትርጉም ሐሳቦች አሉ፤ «ግፊያ»፣ «ትቅቅፍ»፣ «መደጋገፍ»፣ «ሸንጎ»። «ግፊያ» ለሜዳው ስክረም እጅግ ተስማሚ ነው፤ ስለ ራግቢ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቢጠቀምበት ደስ ይለናል። ለቢሮው ስክረም ግን የአውቶቡስ ሰልፍን ያስታውሳል እንጂ ሥራን አያስታውስም። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ስክረም የአንድ የታወቀ አሠራር መጠሪያ ስም እስከ ሆነ ድረስ እንዳለ በፊደላችን ይጻፍ፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ግን ይተርጐሙ። በየቀኑ ከ15 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ የሚደረገው ምክክር «የዕለት ስክረም» ከሚባል ይልቅ «የዕለት ምክክር» ቢባል አንዳች ነገር አይጐድልበትም።

ከባዱ ነገር «ስፕሪንት» ነው።

«ስፕሪንት» ከስካንዲናቪያ ቋንቋዎች ወደ እንግሊዝኛ የገባ፣ መሠረቱም መዝለልንና መስፈንጠርን የሚያመለክት ቃል ነው። የሩጫ ፍቺው የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ የሥራውን ጊዜ ሲከፋፍሉ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ይህን ስም ሰጡት። በአሠራሩ መመሪያ መሠረት አንድ ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ያደርጉታል። አንዱ እንዳለቀ ወዲያው ሌላው ይጀምራል። በመካከል ዕረፍት የለም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከእንግሊዙም ሆነ ከአሜሪካዊው የተሻለ መስካሪ ነው፤ ሩጫ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና። በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትርም በ5,000 ሜትርም ወርቅ ሲያገኝ የተጠቀመበት ስልት በሕዝባችን አንደበት ስም ወጥቶለታል። ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር በ10,000 ሜትሩ ፍጥነቱን እየተቀባበሉ ተጉዘው፣ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ምሩጽ ተፈተለከ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በዚህ ነው። ማርሽ ከመኪና ጋር የመጣ የውጭ ቃል ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው ስፕሪንትን ለመሰየም ወደ ሞተር ሄደ፤ የሞተሩ ሰው ደግሞ ሥራውን ለመሰየም ወደ ሩጫ መጣ። ሁለቱ መንገድ ላይ ተላለፉ።

ነገር ግን ማርሽ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ነው። የ10,000 ሜትር ሯጭ 25 ዙር ይዞራል፤ ደወሉ የሚደወለው ለመጨረሻው ዙር ብቻ ነው። ስፕሪንት በረጅም ርቀት ሩጫ ውስጥ ትርጉም የሚያገኘው ከእርሱ በፊት በልክ የተሮጠ፣ የተቈጠበ ርቀት ስላለ ነው። በአጭር ርቀትም ቢሆን መቶ ሜትር የሮጠ ሰው ወዲያው ዞሮ ሌላ መቶ ሜትር አይሮጥም። ዓመቱን በሙሉ በሃያ ስድስት ስፕሪንት መሙላት በየትኛውም ሜዳ የማይታወቅ ውድድር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጥቂት ፕሮግራመሮች ጋር አንድ ማታ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ ከመካከላቸው አንዱ ከእኛ ወገን በዕድሜ ገፋ ወዳሉት ባልደረባችን ዞሮ «ጋሼ፣ የማራቶን ሯጭ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ማርሽ ቀይር ቢሉት የት ይደርሳል?» አላቸው። ጋሼም መልስ አልነበራቸው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ሩጫ» ልቅ ነው፤ «ሩጫ ላይ ነኝ» የሚል የከተማ ሰው ጉዳዩን እየፈጸመ ነው እንጂ ፕሮግራም እየጻፈ አይደለም። «ጥድፊያ»ና «አስቸኳይ ሥራ» ያስከተሉትን ከላይ አይተናል። አንዳንዶች «ዘመቻ» የሚለውን ያቀርባሉ። ቃሉ ያማረ፣ ለጆሮም የለመደ ነው። በቢሮ ቋንቋችን ውስጥ የስፖርትን ቦታ ይዞ የኖረው ዘመቻ ነውና፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ 1971 የምርት ዘመቻ፣ በዚያው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ሌላው አገር ሠራተኛውን በተጫዋች ሲመስል፣ እኛ በዘማች መስለነዋል። በመሠረቱ ሁለቱም ምስሎች የሚጠይቁት ነገር አንድ ነው፤ ተሰለፍ፣ ቡድንህን አትክዳ፣ ድካምህን ዋጥ። ልዩነቱ ተጫዋች ፊሽካ ተነፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ዘማች መቼ እንደሚመለስ ራሱ አለመወሰኑ ነው። ስለዚህ «ዘመቻ»ን በሥራ ውል ውስጥ ለማስገባት አንደፍርም፤ «አስቸኳይ ሥራ» ካደረሰው ጉዳት የከፋ ሊያደርስ ይችላል።

የእኛ ምርጫ «ዙር» ነው። «የሁለት ሳምንት የሥራ ዙር» ሲባል መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ተመልሶ የሚመጣ ክፍለ ጊዜ መሆኑ ይገባል፤ ችኮላን አያውጅም፤ ከሩጫ ሜዳም ጨርሶ አልራቀም። በዙሩ መጨረሻ ሊደረስበት የታሰበውም «የዙሩ ግብ» ሊባል ይችላል። ለዚህ ምርጫ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም በፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ደጋግሞ የሚፈጸምበትን ሥርዐት አንዳንድ መምህራን «ዙር» ብለው ስለሚያስተምሩ ግራ መጋባት ይፈጠራል የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ አንደኛው የሚነበበው በውልና በዕቅድ፣ ሌላው በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ዐውዱ ይለያቸዋል ብለን እናስባለን። ፕሮግራመሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ «ስፕሪንት» ማለታቸውን አይተዉም። እንዲተዉም አንጠይቅም። የምንጠይቀው ዳኛ ፊት ሊቀርብ የሚችል ወረቀት የሚጽፈውን ሰው ነው።

አማርኛ ሁልጊዜ እየተከተለ የሚንገዳገድ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ሂደቶች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ ሊነኩ ሲሞክሩ፣ ውጤቱ ማንኛው ቀድሞ በመድረሱ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። እንግሊዝኛው ይህን ጉድለት «የሩጫ ሁኔታ» በሚል ስም ይጠራዋል። ስሙ ብዙ ተማሪዎችን ያሳስታል፤ ችግሩ ፍጥነት ይመስላቸዋልና። ችግሩ ግን ፍጥነት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። አማርኛው «ሽቅድምድም» ይላል። ይህ ቃል «ቀደመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በውስጡ መሮጥ የለም፣ መቅደም ብቻ አለ። የቋንቋው ባሕርይ ራሱ የሙያውን ሐሳብ ከመነሻው ይልቅ አጥርቶ ያስቀምጠዋል። ይህን ቃል የፈጠረ ኮሚቴ የለም፤ ፈረስ ግልቢያን ቆመው ያዩ ሰዎች ያወረሱን ነው።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ እንለፍ። የ1964ቱ ሲዲሲ 6600 የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር የትኛው የሥራ ክፍል የትኛውን መረጃ እየጠበቀ እንደ ሆነ የሚቈጣጠርበት ክፍል ነበረው፤ ስሙ የስታዲየም «የውጤት ሰሌዳ» ነው፤ በአማርኛም እንዲሁ ቢባል ይበቃል። «ፐንት» የሚለው የአሜሪካ ፕሮግራመሮች አነጋገር ከአሜሪካ እግር ኳስ የመጣ ነው፤ በዚያ ጨዋታ አንድ ቡድን ዐሥር ያርድ ለመግፋት አራት ዕድል ሲኖረው፣ ሦስቱ ካልተሳኩለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን ርቆ ይለጋዋል። ስለዚህ «ይህን ክፍል ፐንት አደረግነው» ማለት ለጊዜው ተውነው ማለት ነው። «ለጋነው» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን ጐል ሊያስጠብቀው ነው።

«ሃካቶን» የሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ተሰብስበው ቀንና ሌሊት የሚሠሩበት ዝግጅት፣ ከ1999 ጀምሮ በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። ቅጥያው ከማራቶን የተቈረጠ ነው። ማራቶን በግሪክ አገር የሚገኝ ቦታ ነው፤ ስሙም በዚያ ከሚበቅለው እንስላል የወጣ ነው። ስለዚህ «ሃካቶን» ያለ ሁሉ ሳያውቀው የእንስላልን ግማሽ እየጠራ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው ውድድር ስሙ ከአንድ ቅጠል መምጣቱ ለቃላት ተመራማሪ ደስታ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያስከትለው ነገር ግን የለም።

«ኮች» የሚለው ቃል ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ኮች በሃንጋሪ የምትገኝ መንደር ስም ናት፤ ጥሩ ሠረገላ ይሠራባት ስለ ነበር ሠረገላው በስሟ ተጠራ። በ1830ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ፈተና የሚያሻግራቸውን አስጠኚ በቀልድ «ሠረገላ» አሉት። ከዚያ ወደ ስፖርት ሜዳ፣ ከሜዳውም «አጃይል ኮች» ተብሎ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ገባ። የእኛ «አሠልጣኝ» ግን መነሻው «ሠለጠነ» ነው። ሥልጣን፣ ሥልጣኔ፣ ሥልጠና ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። እንግሊዝኛው የሚያጓጉዝ ሰው ያያል፤ አማርኛው ኀይል ያለውና ኀይል የሚያለብስ ሰው ያያል። የስክረም መመሪያዎች ይህ ሰው አዛዥ እንዳልሆነ አጥብቀው ይናገራሉ። እንግዲህ «አሠልጣኝ» ብለን ስንተረጕመው፣ የማይፈለገውን ሥልጣን በስውር እየሰጠነው ነው። ለጊዜው ሌላ አላገኘንም፤ «አማካሪ» የሚሉ አሉ።

እስካሁን የተናገርነው ከሜዳ ወደ ማሽን ስለ ሄዱት ነው። በተቃራኒው መንገድ የሄዱትም አሉ፤ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራመሮች የስፖርት ተከታታይ ናቸው፣ ተከታታይነታቸውም በሙያቸው መልክ ነው። የዚህ ነገር ጥንተ ምንጭ የአሜሪካ ቤዝቦል ነው። በእንግሊዝ አገር የተወለደው የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ በ1850ዎቹ መጨረሻ የአንድን ጨዋታ ሂደት በሠንጠረዥ ማስፈርን አስለመደ። በዚህ የአጻጻፍ ሥርዐት እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አለው፤ «6-4-3» ተብሎ ሲጻፍ፣ ኳሱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ መካከል የቆመው ተጫዋች ይዞ ለሁለተኛው ማረፊያ ጠባቂ፣ እርሱም ለመጀመሪያው እንዳቀበለና ሁለት ሰዎች እንደ ወጡ ይነበባል። አንድ ሙሉ ትዕይንት በሦስት ቁጥር ተጻፈ። ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረ የፕሮግራም ቋንቋ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በ1971 በኩፐርስታውን የቤዝቦል ምርምር ማኅበር ተቋቋመ፤ ምኅጻረ ቃሉ «ሳብር» ነው። ቢል ጄምስ የተባለ፣ በካንሳስ አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ በሌሊት ዘብነት ያገለግል የነበረ ሰው፣ በ1977 የመጀመሪያውን የቤዝቦል የቁጥር መጽሔቱን በራሱ ወጪ አሳተመ። በ1980ም ከማኅበሩ ምኅጻር ላይ የመለኪያ ቃል ቀጥሎ «ሳብርሜትሪክስ» የሚለውን ስም ፈጠረ። ኋላ የቦስተን ቡድን አማካሪ አድርጎ ቀጠረው፤ ቡድኑም በ2004 ዋንጫ በላ። ሌሊት ፋብሪካ የሚጠብቅ ሰው የፈጠረው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱን ስንመለከት፣ ስያሜ የሚወጣው ከአካዳሚ ብቻ ነው የሚሉትን ወገኖች ማስታወሳችን አልቀረም። የእኛም የእግር ኳስ ቃላት ከኮሚቴ አልወጡም። ጥር 1954 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ቡድናችን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ አማርኛው የራሱ የኳስ ቋንቋ እያበጀ ነበር፤ እንደ ፍቅሩ ኪዳኔና እንደ ሰሎሞን ተሰማ ያሉ የስፖርት ጋዜጠኞችም ቋንቋውን በየቤቱ አደረሱት። «በረኛ»፣ «አጥቂ»፣ «ተከላካይ»፣ «የማዕዘን ምት» ሁሉ ዛሬ ማንም የማይጠራጠርባቸው ቃላት ናቸው።

ይሁን እንጂ አዲሱ የቁጥር ትንተና እነዚህኑ ጥሩ ቃላት ችግር ላይ ጥሏቸዋል። «አማካይ» በሜዳ መካከል የሚጫወት ሰው ነው፤ በሒሳብ ደግሞ ድምር ለብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። «የአማካዮች አማካይ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አጋጥሞናል፤ ስሕተት የለበትም፣ የሚገባው ግን የለም። ከዚህ የሚብሰው፣ ሳም ግሪን የተባለ ተንታኝ ኦፕታ በተባለው የመረጃ ድርጅት ውስጥ በ2012 ካቀረበው በኋላ የተስፋፋው መለኪያ ነው። መለኪያው አንድ ሙከራ፣ ከቦታው ርቀትና ማዕዘን አንጻር፣ ግብ የመሆን ዕድሉ ስንት እንደ ሆነ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገልጻል፤ ለፍጹም ቅጣት ምት ከ0.75 እስከ 0.8 ያህል ይሰጣል። ቀጥተኛ ትርጉሙ «የሚጠበቅ ግብ» ይሆናል። ነገር ግን በአማርኛ «ጠበቀ» ተስፋ ማድረግም ነው፣ መከላከልም ነው። በረኛውን «ግብ ጠባቂ» የምንለው በዚህ ነው። ስለዚህ «የሚጠበቅ ግብ» የሚለው ሐረግ በረኛው የቆመበት ግብ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ተጠባቂ» ብንለው ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጠው «ተጠባባቂ» ጋር ይምታታል። እኛ «የግብ ዕድል መጠን» ብለናል። ርዝመቱ አልወደድንለትም፤ የዜና አንባቢ በአንድ ትንፋሽ ሊለው አይችልም። የተሻለ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን እንወዳለን።

በዚያ ምሽት ከፕሮግራመሮቹ ጋር በተቀመጥንበት ጊዜ በማያው ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ይታይ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አንደኛው «አሸነፍን» አለ። ከስድስት ሺሕ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ያለ፣ ኳሱን ያልነካ ሰው፣ በመጀመሪያ መደብ ብዙ ቍጥር ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ተደወለ፤ እርሱ ራሱ የጻፈው የክፍያ ፕሮግራም ቆሟል። ዘግቶ ወደ እኛ ዞሮ «ሲስተሙ ወደቀ» አለን። በሦስተኛ መደብ፣ ባለቤት በሌለው ግሥ። ባልሠራው ሥራ «እኛ» ያለው ሰው፣ በገዛ እጁ ሥራ «እርሱ» አለ። ሌሎቹንም ከዚያ በኋላ በጥሞና አዳመጥናቸው፤ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። «አሸነፍን»፣ «ተሸነፍን»፣ «ዳኛው በደለን»፤ ነገር ግን «ፕሮግራሙ እምቢ አለ»፣ «ኮዱ ተበላሸ»፣ «ሰርቨሩ ሞተ»። ምክንያቱን ስንጠይቅ አንዱ የሰጠን መልስ ለቃላት ተመራማሪ የሚጠቅም ነው፤ «ቡድኑ ቢወድቅ ማንም እኔን አይጠይቀኝም» አለ። በኃላፊነት የማይጠየቅበትን «እኛ» ይለዋል፤ የሚጠየቅበትን ያርቀዋል። ስክረም ሁሉንም ኃላፊነት የቡድን ያደርጋል ተብሎ ከራግቢ ተወሰደ፤ የቡድንን ቋንቋ ግን ሠራተኛው ለኳሱ አስቀርቶታል።

ወጣቱ ሥራውን ለማቃናት ከእኛ ተለይቶ ሲነሣ ስለ አንድ ቃል ሳንነግረው ቀረን። የኳስ ተከታታይን እንግሊዝኛው «ፋን» ይለዋል፤ ቃሉ አክራሪ ከሚለው ያጠረ፣ አክራሪውም ቤተ መቅደስ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። አማርኛው «ደጋፊ» ይላል፤ ያዘነበለ ግድግዳ በእንጨት እንደሚደገፍ ማለት ነው። ይኸው ግሥ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የተበላሸውን የሚያነሣውን ሠራተኛ ይሰይማል። በዚያ ሌሊት በስልክ የተጠራው በስም ዝርዝሩ ላይ «የቴክኒክ ድጋፍ ሰጪ» ተብሎ ስለ ተመዘገበ ነው። የደወለለት ሰው ያለበትን ሲጠይቀው «ድጋፍ ላይ ነበርኩ» ብሎ መለሰ፤ ጠያቂውም በየትኛው ፍቺ እንደ ሆነ አልጠየቀውም።